ሰርጌን የያዙት ሁለት ጠመንጃዎች

ሳቅ ይቀድመኛል። ለቅሶ ቤት እንኳ አፌን በመሐረብ ይዤ ነው የምገባው። የሚያሳዝነው ደግሞ ሥራዬ ሳቅ የማይወድ መሆኑ ነው። በአንድ ቤተ መዘክር ጓዳ ውስጥ የድሮ የጦር ጠመንጃ እመረምራለሁ። ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰውን በአንሶላ ጠቅልሎ ያመጣልኛል፤ እኔ ብሎን በብሎን እፈታዋለሁ፤ ከዚያ ምን እንደሆነ እነግረዋለሁ። ጣጣው ያለው መንገሩ ላይ ነው።

ምክንያቱም ብዙው ጠመንጃ እንዳለ ከፋብሪካ የወጣ አይደለም። ጦርነት ሲያልቅ ሜዳው ላይ የሚቀረው ስብርባሪ ነው፤ የአንዱን ሰደፍ ከሌላው አፈሙዝ ጋር አጋብቶ የሚተኩስ ነገር የሚያወጣ ብልህም የትም አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ስከፍት እያንዳንዱ ብረት የየአገሩን ማኅተም ይዞ ብቅ ይላል። ባለቤቱ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ ፊቴ ቆሞ «አንድም ነገር አልተነካም፤ ድንግል ነው» ይለኛል። ያን ጊዜ አልችልም። አንድ ጡረተኛ ኮሎኔል «በጥይት ያልሞትኩትን ሰውዬ አንቺ በሳቅ ልትገድዪኝ ነው» ብለውኝ ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ አለቃዬ ደንበኛ ሲመጣ ብርጭቆ ውኃ ከፊቴ ያስቀምጥልኛል፤ ሳቄ ሲመጣ እንድጎነጭ። አንድ ቀን ውኃው በአፍንጫዬ ወጣ።

እጮኛዬ የእንስሳት ሐኪም ነው። አባቱ ወለደው፣ አጎቱ አሳደገው። አባትየው የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበሩ ልጁን ለታናሽ ወንድማቸው አደራ ሰጥተው፣ ከመንገድ ሲመለሱ ብቅ እያሉ ነው የኖሩት። አጎትየው ልብስ ሰፊ ናቸው። የልጁን ሱሪ «ገና ያድጋል» እያሉ አስረዝመው ሲሰፉለት ኖረው፣ ሰውዬው አድጎ ሐኪም ሆኖም ሱሪው መሬት ይጠርጋል። እኔ የወደድኩትም መጀመሪያ በሱሪው ስቄ ነው።

ላግባሽ ሲለኝ እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። «ሁለቱም አጠገቤ ካልቆሙ አላገባም» ብሎ ማለ።

«እኔን ነው እነሱን ነው የምታገባው?» ብዬ ጮህኩበት።

«አንዱን ጠርቼ ሌላውን ብተው እድሜዬን ሙሉ ሲቆጨኝ ይኖራል። የተቆጨ ባል ደግሞ አንቺ አትፈልጊም» አለኝ።

ተናደድኩ። ይበልጥም ወደድኩት። ሰርጉ ግን በዚያው ቆመ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ሆድና ጀርባ የሆኑት በጠመንጃ ነው። አባታቸው የጦር ሠራዊቱ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበሩ። ሲሞቱ በአንድ ብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ሁለት ጠመንጃዎች ትተው ሄዱ፤ አፈሙዛቸው የተደፈነ፣ ዝንብ እንኳ የማይገድሉ። ኑዛዜ የለም፣ ቃል የለም። አንዱ አባታችን በጦርነቱ የተሸከሙት ነው፣ ሌላው ትርፍራፊ ነው ተባለ፤ ማን እንዳለው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ወንድማማቾቹ አንድ አንድ አነሱ። በማግስቱ ታላቅየው «የአባባ እኔ ዘንድ ያለው ነው» አሉ፤ ታናሽየው «ያንተማ ቅራቅንቦ ነው» አሉ፤ ታላቅየውም ስድቡን መለሱላቸው። በቃ። ከዚያ በኋላ አንዳቸው በገቡበት በር ሌላቸው አልገቡም።

እኔ ወደ ቤተሰቡ ስጠጋ ግን በአንድ ነገር ተስማሙ፤ በየተራ በእኔ በኩል መሆኑ ነው። ጠመንጃዎቹን ሙሽራዋ ትመርምር፤ የአባታቸው ያልሆነውን የያዘ ሰው ሰርጉ ላይ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ። እጮኛዬ በደስታ ሊበር ደረሰ። እኔ ግን ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። የተሸነፈው ይቅርታ ሊጠይቅ ይቅርና ሰርጉ ባለበት ሰፈር አያልፍም። አባትየው ከቀሩ ባል የለኝም፤ አጎትየው ከቀሩም ባል የለኝም። የማሸንፍበት መንገድ ጠፋኝ። ልዋሽ እንዳልል ደግሞ መዋሸት አይሆንልኝም፤ ሳቄ ያጋልጠኛል።

ሁለቱንም ለአንድ ረፋድ ቀጠርኳቸው። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንገቱን የሚያጎነብስ መብራት፣ በግድግዳው ዙሪያ የብሎን ሳጥኖች። የማሽን ዘይት ሽታ መጋረጃውን ሳይቀር ይዞታል። ከመስኮቱ ማዶ ጎማ ጠጋኝ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ነፋስ ሲሞላና ሲያስተነፍስ ይውላል።

መጀመሪያ የደረሱት ሾፌሩ ናቸው። ጠመንጃቸውን በምንጣፍ ጠቅልለው በከተማ አውቶቡስ ነው የመጡት። ትኬት ቆራጩ «ምንድን ነው የተጠቀለለው?» ቢላቸው «አባቴ ናቸው» አሉት፤ ከዚያ በኋላ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው የለም፤ እንደ ንጉሥ ተንቀባረው ገቡ። ልብስ ሰፊው ደግሞ ለጠመንጃቸው ልብስ ሰፍተውለታል፤ ግራጫ፣ ገበር ያለው፣ ቁልፉ በልኩ የተደረደረ። ሲያወልቁለት «ኪስም አለው» አሉኝ። ጠመንጃ ኪስ ለምን እንዳስፈለገው አልጠየቅኩም፤ ውኃዬን ተጎነጨሁ።

በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ጫፍ ተቀመጡ። አንዳቸው ጣሪያውን፣ አንዳቸው ወለሉን ያያሉ።

«ልጄ» አሉኝ ሾፌሩ፣ «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ እጁን ከጠረጴዛው ላይ ያንሳ፤ ዕቃ እንዳይጠፋ።»

«የኔ ልጅ» አሉኝ ልብስ ሰፊው፣ «ለሾፌሩ ንገሪልኝ፤ እኔ ብረት አለብሳለሁ እንጂ ብረት አልሰርቅም።»

«ሁለታችሁም ሰምታችኋል» አልኩ።

«እኔ አልሰማሁም» አሉ ሾፌሩ።

ነገርኳቸው። ምን ላድርግ? አማቾቼ ናቸው።

ሥራዬን ጀመርኩ። የፈታሁት እንዳይምታታብኝ ሁለት ትሪ አለኝ። የሾፌሩን ጠመንጃ ዕቃ በሰማያዊው፣ የልብስ ሰፊውን በቀዩ ላይ ደረደርኩ። ሰደፍ፣ አፈሙዝ፣ ማነጣጠሪያ፣ ምላጭ፣ ጥይት አጉራሹ ብረት፣ በመጨረሻም ሁሉን አቅፎ የሚይዘው የመሃሉ ብረት፤ እኛ በሥራችን ሆዱ እንለዋለን። አጉሊ መነጽሬን አድርጌ ማኅተሞቹን ማየት ስጀምር ከንፈሬን ነከስኩ። ሰማያዊው ትሪ ላይ የአራት አገር ፋብሪካ ተሰብስቧል፤ ሁለቱ አገሮች እንዲያውም እርስ በርሳቸው ሲዋጉ የነበሩ ናቸው። ቀዩንም አየሁት። እሱም ያው ነው።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አልኩ። «ይሄ ጠመንጃ ከስብርባሪ ተለቃቅሞ የተሠራ ነው።»

ጣቴ በቀዩ ትሪ ላይ ስለነበር ሾፌሩ ከወንበራቸው ተነሡ። «ቅራቅንቦ ነው አላልኩም? አላልኩም?»

«የእርስዎም ነው፣ አባባ።»

«የኔም ምን?»

«የእርስዎም ተለቃቅሞ የተሠራ ነው።»

ቀስ ብለው ተቀመጡ። ትንሽ አሰቡና «የኔ ግን አለቃቀሙ ይሻላል፣ አይደል?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ብርጭቆውን በሙሉ ጠጣሁት።

ስብርባሪ የሚገጥም ጠጋኝ ሁሉ አንድ ልማድ አለው። የማይተዋወቁ ብረቶችን በሞረድ አስማምቶ አንድ ካደረገ በኋላ፣ ሌላ ቀን ሲፈታቸው ከሌላ ጠመንጃ ዕቃ ጋር እንዳይደባለቁበት ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ይመታል። እኔም ያንን ፍለጋ ሆዱን ገልብጬ አየሁ። የሾፌሩ ላይ አንዲት ደቃቃ ነጥብ ተመትታለች። የልብስ ሰፊው ላይ ሁለት ነጥቦች ጎን ለጎን አሉ። የመምቻው ጫፍ ትንሽ የተሸረፈ በመሆኑ ነጥቦቹ ሁሉ ባንድ ወገን ጎርበጥ ይላሉ፤ ሁለቱንም የመታ አንድ እጅ ነው። ደስ አለኝ። የአንድ ሰው ሥራ ናቸው ብዬ ላስታርቃቸው ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ የቀረውን ዕቃ አየሁ። ሰማያዊው ትሪ ላይ፣ ሆዱ ባለ አንድ ነጥብ ሆኖ ሳለ፣ ሰደፉ ባለ ሁለት ነው። አፈሙዙም ባለ ሁለት። ማነጣጠሪያው፣ ምላጩ፣ ሁሉም ባለ ሁለት። ወደ ቀዩ ዞርኩ፤ ሆዱ ባለ ሁለት፣ የቀረው በሙሉ ባለ አንድ ነጥብ። ትሪዎቹን ያምታታሁ መሰለኝ፤ እንዲህ ያለ ስህተት በሥራ ዘመኔ ሠርቼ አላውቅም። በኋላ ግን የብሎኖቹን አናት አየሁ። ተፋፍቀዋል፤ ጭረቱ ገና ያበራል። በቅርብ ዓመታት፣ ካቻቢቴ መያዝ በማይችል እጅ ተፈትተው ተገጥመዋል። በሁለት የተለያዩ፣ መያዝ በማይችሉ እጆች።

«ከጠመንጃችሁ ላይ የቀየራችሁት ነገር አለ?» አልኩ።

«በፍጹም!» አሉ ሁለቱም እኩል። እኩል በመናገራቸው ተናደዱ።

«ሰደፉንም?»

ሾፌሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ሰደፉን... እሱን ብቻ።»

«ማነጣጠሪያውስ?»

«እሱንም ብቻ።»

«አፈሙዙን?»

«ልጄ፣ ይሄ ምርመራ ነው ፍርድ ቤት ነው?»

ልብስ ሰፊው ድል ያደረጉ መስሏቸው መሳቅ ሲጀምሩ ወደ እሳቸው ዞርኩ። «እርስዎስ፣ ጋሼ?»

ሳቃቸው ቆመ። «እኔ እንኳ... ብሎኑን ላጠብቅ ብዬ ስነካካ...» አሉና የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይፈታቱ ጀመር።

«ከማን ነው የገዛችሁት?»

«ከአለኝ» አሉ ሾፌሩ።

ልብስ ሰፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ወንድማቸውን አዩ።

አለኝ ማለት ገበያው ጥግ ላይ ያለ የአሮጌ ብረት ነጋዴ ነው። እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ የለም፤ ምን ብትጠይቀው «አለኝ!» ስለሚል ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። ሙታንን የሚያስነሳ መድኃኒት ብትለው «አለኝ፤ የሳምንት ሰው በለኝ» ይልሃል።

አውጣጣኋቸው። ሾፌሩ አንድ ቀን በልብስ ስፌቱ ቤት ደጃፍ ሲያልፉ የወንድማቸውን ጠመንጃ ተሰቅሎ በመስኮት ያዩታል። ሰደፉ ጠቆር ያለ ነው፤ የሰው እጅ ዘመን የነካው ይመስላል። ልባቸው ፈራ። አለኝ ዘንድ ሄደው «ጠቆር ያለ ሰደፍ ይኖርሃል?» አሉት። «አለኝ! የያዝከውን ትተህ የሳምንት ሰው በለኝ።» ልብስ ሰፊው ደግሞ በዚያው ሰሞን ልጁ ካመጣው ፎቶ ላይ የታላቃቸውን ጠመንጃ ያያሉ። ሰደፉ ፈካ ያለ ነው። እሳቸውም ልባቸው ፈራ፤ እሳቸውም አለኝ ዘንድ ሄዱ። የቀረውን መናገር አያሻም። አለኝ አልዋሸም፤ አንዱ የተወለትን ለሌላው እየሰጠ ሁለቱንም አግኝቶላቸዋል። ከዚያ በኋላ አንዳቸው ማነጣጠሪያ ሲመኙ፣ ሌላቸው ምላጭ ሲጠረጥሩ፣ በየዓመቱ አንድ አንድ ብረት በአለኝ ሱቅ በኩል መንገድ ተሻገረ።

«ስለዚህ» አልኩ፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ፣ «አባባ፣ እርስዎ ቤት የተሰቀለው፣ ከሆዱ በቀር፣ የእሳቸው ጠመንጃ ነው። እሳቸው ቤት ያለው ደግሞ፣ ከሆዱ በቀር፣ የእርስዎ።»

«እና ቅራቅንቦ እያልኩ የምሰድበው...»

«የራስዎን ነው።»

«እኔም...» አሉ ልብስ ሰፊው።

«እርስዎም የራስዎን።»

ማዶ ጎማው ፊሽሽ ብሎ ተነፈሰ። ከዚያ ልብስ ሰፊው በቀጭን ድምፅ «ሆዱንም እኮ ጠይቄው ነበር። 'እሱ እንኳ ገና አልመጣም' አለኝ» አሉ።

ሾፌሩ ግንባራቸውን ያዙ። «እኔም ጠይቄዋለሁ። 'ያኛው ሰውዬ ካመጣው' ነው ያለኝ።»

አለቀልኝ። ውኃ የለም፣ መሐረብ የለም። ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ፣ ከዚያም ከወንበሬ ተንሸራትቼ ከሥር ገባሁ፤ ጎኔን ይዤ «ያኛው ሰውዬ! ያኛው ሰውዬ!» እላለሁ። አለቃዬ ሰው የታነቀ መስሎት በሩን በርግዶ ገባ፤ እግሬን ብቻ አይቶ «አሁንም?» ብሎ ተመለሰ። ቀና ስል ሁለቱ ሽማግሌዎች ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ነው። መጀመሪያ ለመደበቅ ሞክረው ነበር፤ ሾፌሩ ግን እንደ ከባድ መኪና ሞተር እየተንተከተኩ ሲነሡ ወንድማቸውም ለቀቁት።

«አንተ ግን» አሉ ሾፌሩ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ቀጥታ ለወንድማቸው፣ በእኔ በኩል ሳይሆን፣ «የኔ ነው እያልክ በየሰዉ ቤት ስትምል ኖረህ፣ የኔን ምን ያስፈልግሃል?»

ልብስ ሰፊው ሳቃቸው እየሰከነ መጣ። «ስምል አፌ ነው። ልቤ ግን ያንተ ነው የአባባ ይለኝ ነበር፣ ጋሼ።»

ጋሼ አሏቸው። እኔ ይህን ቤተሰብ ካወቅሁ ጀምሮ «ያ ሰውዬ» እና «ሾፌሩ» እንጂ እንዲህ ብለው ሲጠሯቸው ሰምቼ አላውቅም። ሾፌሩም ሰምተዋታል። አጉሊ መነጽሬን አነሡና ሰማያዊው ትሪ ላይ ያለውን ሆድ አገላበጡት። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«ነጥብ ነው ያልሽው?» አሉኝ።

«አዎ። የጠጋኝ ምልክት ነው።»

«አንተ፣ ና እስቲ ወዲህ።»

ልብስ ሰፊው ጠረጴዛውን ዞረው መጡና ጎንበስ ብለው አዩ። ሁለት ነጥቡንም፣ አንድ ነጥቡንም አዩ።

«ማንኪያው» አሉ ቀስ ብለው።

«ጫማውስ» አሉ ሾፌሩ። «ከሥሩ።»

«የአልጋው እግር።»

«ሳሙናው ላይ ሳይቀር! ታጥበን ሲጠፋ እንደገና ይመቱት ነበር።»

እኔ ምንም አልገባኝም። ሾፌሩ አስረዱኝ። በልጅነታቸው በማንኪያ ሲጣሉ፣ በጫማ ሲጣሉ፣ ማን የትኛው ጎን ይተኛል ብለው ሲደባደቡ አባታቸው ሰለቻቸው። ከሥራ ቤት መምቻቸውን ይዘው መጡና የቤቱን ዕቃ ሁሉ ምልክት አደረጉበት። አንድ ነጥብ የታላቅየው፤ ሁለት ነጥብ የታናሽየው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ማንም በማንኪያ አልተጣላም።

«ታዲያ የአባባ የቱ ነው?» አሉ ልብስ ሰፊው፤ እንደ ልጅ ነው የጠየቁት።

«የአባባ የለም» አሉ ሾፌሩ። «ለጦር ሠራዊቱ ሲጠግኑ ከተጣለው ለቃቅመው ለእኔ አንድ፣ ላንተ አንድ ሠሩልን። ያን ዕለት ብርድ ልብሱን ስንፈታ ሳናውቀው የየራሳችንን ነበር ያነሣነው። እንዳንጣላ ብለው እኮ ነው!»

«እንዳንጣላ» አሉ ታናሽየው።

«እንዳንጣላ!» አሉ ሾፌሩ፣ እንደገና ሳቅ ጀመሩ፤ ግን በመሃሉ ድምፃቸው ተሰበረና ፊታቸውን በወንድማቸው ትከሻ ላይ ደፉት። እዚያ ላይ የእኔ ሳቅ ቆመ። አንጀቴን በሉት። ያን ሁሉ ዓመት አሰብኩት፤ ያልተጠጣውን ሻይ፣ ያልተንኳኳውን በር። ከሳቄ እንባ ወደ እውነተኛው እንባ የተሻገርኩበትን ሰዓት አላወቅሁትም።

ከዚያ በኋላ የቀረው ቀላል ነበር። ሁሉን ዕቃ መልሶ ማቀያየር አላስፈለገም፤ ሆዶቹን ብቻ አለዋወጥኩና ትሪዎቹን አዙሬ በየባለቤታቸው ፊት አኖርኩ። ራሳችን እንገጥማለን አሉ። ሾፌሩ ካቻቢቴውን እንደ ጎማ መፍቻ ያዙት፤ ልብስ ሰፊው ብሎን በከንፈራቸው ነክሰው ይሠራሉ፣ እንደ መርፌ። ብሎኖቹን ይበልጥ ፋቋቸው። ከልካይ አልሆንኩም።

«በሉ ለልጁ እንደውልለት» አሉ ሾፌሩ ሲጨርሱ።

ስልኬን ደውዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሁለቱም ራሳቸውን አጋጭተው አጎነበሱበት።

«ልጄ!» አሉ ሾፌሩ።

«የኔ ልጅ!» አሉ ልብስ ሰፊው።

ከዚያ እጮኛዬ በሞተ ድምፅ «ማን ሞተ?» አለ።

ምን ብለን እንመልስ! ሦስታችንም ሳቅ ገደለን። በስልክ ደግሞ ሳቅና ለቅሶ አንድ ነው። የእኔን ሲቃ፣ የአባቱን መንተክተክ፣ የአጎቱን ቀጭን ድምፅ ሰማና «መጣሁ፣ እንዳትነኳት!» ብሎ ዘጋው። እኔ ነኝ የሞትኩት ማለት ነው። መልሰን ብንደውል አያነሳም።

በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። ላም ሲመረምር ነበርና እስከ ብብቱ የሚደርሰውን ጓንት ሳያወልቅ ነው የሮጠው፤ ሱሪው ጭቃ ጠርጎ መጥቷል፣ ፊቱ በእንባ ርሷል። እኔን በሕይወት አየኝ። ከዚያ አባቱንና አጎቱን ጎን ለጎን፣ ክርን ለክርን ተነካክተው በአንድ ጠረጴዛ ሲያይ በሩን ተደገፈ።

«ማነው የሞተው?» አለ እንደገና፣ በሹክሹክታ።

«ማንም አልሞተም» አሉ አባቱ። «አንተ ልጅ፣ ቀን ቁረጥ፤ እኛ እንደሆን ዝግጁ ነን።»

አጎቱን አየ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ እጮኛዬ መጥቶ ሁለቱንም ባንድ ላይ አቀፋቸው፣ በዚያ ጓንት እንዳለ፤ አንዳቸውም አልሸሹም።